ጋሽ ይግዛውና የሆላንዷ ቫልቭ

ጋሽ ይግዛው ማረፋቸውን የሰማሁት ሞጣ መናኸሪያ፣ አውቶብስ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት የቀረው ጊዜ ነበር። ወደ ባሕር ዳር ትኬት ቆርጬ፣ አጠገቤ ከተቀመጠ የቢቸና ነጋዴ ጋር ወግ ይዘናል። ሾፌሩ ሬዲዮ ሲከፍት ድምፁ ተንሿሿ፣ ተንጫጫ። ሰውዬው ፊቱን አጨማደደና፦

"እንዲህ ያለውን የሚያስተካክል አንድ ይግዛው የሚባል ሰው ነበረን፤ ባለፈው እሁድ ቀበርነው" አለኝ። እንደ ዋዛ ነው ያለኝ።

"የትኛው ይግዛው?"

"ሬዲዮ ሠሪው ነዋ! ሲሠራ እጁን ሳጥኑ ላይ ጭኖ ዓይኑን የሚጨፍነው።"

ክው አልኩ። ሻንጣዬን አውርጄ፣ ረዳቱ "እንዴ ጋሼ፣ ልንነሳ እኮ ነው!" እያለ ከአውቶብሱ ወረድኩ። ለምን እንደወረድኩ ለራሴም አልገባኝም፤ ብቻ እግሬ አላስቀምጥ አለኝ። በማግስቱ ቢቸና ገባሁ። እዚያ የሰማሁት ደግሞ የመናኸሪያውን ድንጋጤ የሚያስረሳ ሆነ። እሱን ከመንገሬ በፊት ግን ሰውዬውን ላስተዋውቃችሁ።

ጋሽ ይግዛውን ያወቅኋቸው ሞጣ፣ አንድ መሥሪያ ቤት አብረን ስንሠራ ነው። እኔ ንብረት ክፍል ነበርኩ፤ የመጋዘኑ ቁልፍ ከወገቤ አይለይም። እሳቸው የድምፅ ማጉያው ቴክኒሺያን ናቸው። ስብሰባና ሰልፍ የሌለበት ሳምንት በዚያ ዘመን አላስታውስም፤ ስለዚህ ከአለቃችን ይልቅ እሳቸው ይፈለጋሉ። ትውልዳቸው ቢቸና ነው፤ በልጅነታቸው ደብረ ወርቅ ዜማ ተምረዋል። ድጓውን ሳይጨርሱ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ተጠግተው በዚያው ቀሩ። ዜማውን ግን አልተዉትም፤ ወደ ቫልቭ አዞሩት እንጂ።

ቫልቭ የሚያውቅ ሰው ዛሬ ስለሌለ ልንገራችሁ። የድሮ ሬዲዮና ማጉያ ውስጥ የምትሰካ፣ ትንሽ አምፖል የምትመስል፣ ስትሞቅ ውስጧ ፍም የሚመስል ብርጭቆ ናት። ድምፁን የምታጎላው እሷ ናት። መጋዘኔ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነበሩኝ፤ በንጉሡ ጊዜ ከማጉያው ጋር የመጡ የሆላንድ ቫልቮችና በኋላ በካርቶን የተላኩልን የራሺያ። ለእኔ ሁሉም ያው ናቸው። ሁሉም ይበራሉ፣ ሁሉም ይጮኻሉ፣ ሁሉም ሞዴል 22 የሚባለው ቅጽ ተፈርሞባቸው ከመጋዘን ይወጣሉ።

ለጋሽ ይግዛው እንዲህ ብሎ ነገር የለም። "የሆላንዷ አራራይ ናት፤ አንጀት ትበላለች። የራሺያው ዕዝል ነው፤ ደረቱን ነፍቶ ነው የሚገባው። ዕዝልም እኮ ክፉ አይደለም፣ ቦታውን ካገኘ!" ይላሉ፣ ልክ እንደ ዜማ መምህር። አንዱን ነቅለው ሌላውን ይሰኩና ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው "አሁን ስማ... አሁንስ? ልዩነቱ ገባህ?" ይሉኛል።

እኔ ጆሮዬን አቆማለሁ። ምንም! እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አንድም ቀን ልዩነት ሰምቼ አላውቅም። ግን ዓይናቸው እንዲያ ሲበራ እያየሁ አልገባኝም ማለት ነውር ይመስለኝና "ኧረ በደንብ ገባኝ ጋሼ" እላለሁ።

"አይ አበጀ!" ብለው ይስቃሉ። "ጆሮህም እንደ መጋዘንህ ያለ ደብዳቤ አይከፈትም።"

ነገሩ የተበላሸው አንድ ትልቅ ጓድ ከክፍለ ሀገር መጥቶ ሞጣ አደባባይ ንግግር ያደረገ ለት ነው። በዋዜማው ጋሽ ይግዛው መጋዘን መጡ። የአደባባዩ ማጉያ ድምፁን የሚያወጣው በሁለት ቫልቭ፣ በጥንድ ነው። ሁለቱም የሆላንድ ነበሩ፤ አንዷ ደከመችና ሌላ የሆላንድ ስጠኝ አሉኝ። እኔ ደግሞ አዲሱ ዕቃ ሥራ ላይ ይዋል የሚል መመሪያ ደርሶኛል። አንድ የራሺያ አወጣሁላቸው።

"ምን ማለትህ ነው? እነዚህ ሁለቱ አብረው አይዘምሩም እኮ። አንደኛው ሸክሙን ሁሉ ይሸከምና ይቃጠላል" አሉኝ።

"መመሪያ ነው ጋሼ።"

"እሺ፣ እንግዲያው ሁለት የራሺያ ስጠኝ። ጥንድ ይሁኑልኝ።"

"የተፈቀደው አንድ ነው። ይኸው፣ ሞዴሉ ላይ አንድ ይላል። ለአንድ ቀን ምን ይሆናል?"

ቫልቩን ከእጄ ተቀብለው ወደ መስኮቱ አነሱና አዩት። "እግዜር ይሁነን" ብለው ፈርመው ሄዱ።

በማግስቱ አደባባዩ ጢም ብሎ ሞላ። ጓዱ እየጋለ፣ እየጋለ መጣና መፈክሩ ላይ ሲደርስ ድምፁ ድርግም አለ። ሕዝቡ እጁን ወደ ላይ እንዳነሳ ቀረ። ጓዱ አፉን ከፍቶ ማይክራፎኑን ያያል። በዚያ ዝምታ መሀል ጋሽ ይግዛው ከማጉያው ኋላ ብቅ ብለው፣ በተረጋጋ ድምፅ፦

"ይቅርታ ጓድ፤ ድምፅዎ ሊታመም ስለሆነ አጥፍቼዋለሁ" አሉ።

ኧረ በሕግ! ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ጭስ የለ፣ ሽታ የለ፣ ለዓይን የሚታይ ምንም ነገር የለ። እሳቸው ግን ቫልቩ መጎርነን ሲጀምር ሰምተውታል። ትንሽ ቢቆይ ትራንስፎርመሩ ይነድ ነበር፤ በአውራጃው ደግሞ ሌላ ትራንስፎርመር አልነበረም። ይህን ማን ይመን? ጓዱ ከመድረክ ሳይወርድ ይዘዋቸው ሄዱ። አሻጥር ተባለ።

ከሰዓት በኋላ እኔ ተጠራሁ። የተጠየቅኩት ጥያቄ አንድ ነው፦ ከመጋዘን የወጣው ዕቃ ደህና ነበር ወይስ አልነበረም? ጥንዱን ያፋለስኩት እኔ ነኝ፣ አስጠንቅቀውኝም አልሰማሁም ማለት ነበረብኝ። ወረቀቱ ላይ "ንብረቱ ሙሉ በሙሉ ደህና ነበር" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። እጄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፤ የሚገርመኝ እሱ ነው። በዚያች አንድ መስመር የሰውዬውን ማምለጫ ዘጋሁ።

አሥራ አንድ ቀን ታሰሩ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጉዳያቸውን የሚያይ አጣሪ ኮሚቴ ተቀመጠ። ሰብሳቢው ድሮ ሒሳብ አስተማሪ የነበሩ ቀጭን ሰው ናቸው። "ተከሳሹ ቫልቭ ሲበላሽ በጆሮዬ ሰማሁ ይላል። እንግዲያው ያሳየን። የሆላንዱንና የራሺያውን ሳያይ በድምፅ ከለየ ወደ ቤቱ ይሂድ። ካልለየ ጉዳዩ ወደ ደብረ ማርቆስ ያልፋል" አሉ። በዚያን ጊዜ ጉዳዩ ያለፈበት ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚነግርህ የለም። ቫልቮቹን ከመጋረጃ ኋላ የምቀያይረው እኔ ሆንኩ፤ የንብረቱ ኃላፊ እኔ ነኛ!

ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ጠዋት ባለቤታቸው እትዬ የሺ ስንቅ ይዘው እስር ቤቱ ደጅ ሲቆሙ ጠጋ አልኩና በጆሯቸው "ንገሩልኝ። አንድ ጊዜ ካሳልኩ የሆላንዷ ናት፤ ሁለት ጊዜ ካሳልኩ የራሺያው ነው" አልኳቸው።

እትዬ የሺ ትክ ብለው አዩኝ። ፊታቸው ገርጥቷል። "እነግረዋለሁ፤ አንተ ግን ጮክ አድርገህ ሳል" አሉኝ። አዳራሹ ሰፊ ስለሆነ መስሎኝ እሺ አልኩ።

አሁን የእኔን ጉድ ስሙ። ኮሚቴ ፊት አቧራ የለበሰ ንብረት ማቅረብ አይሆንም ብዬ ሁለቱን ቫልቮች በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ፍትግ አድርጌ ወለወልኳቸው። አብረቀረቁ። ቀና ብዬ ጨርቁን ሳይ ነጫጭ ፊደል ታትሞበታል። የሆላንድ ይሁን የራሺያ የምለይበት ጽሑፍ ተጠራርጎ ጨርቄ ላይ ቀርቷል! ሁለቱም እንደ መንታ ፊቴ ተቀምጠዋል። በሩ ላይ "ተነስ፣ ይጠብቁሃል" ይሉኛል። ይቺ ትመስለኛለች ብዬ በግምት አንደኛዋ ሥር "ሆላንድ"፣ ሌላው ሥር "ራሺያ" የሚል ወረቀት አድርጌ ገባሁ። ለሰብሳቢው ትንፍሽ አላልኩም።

አንድ ቫልቭ ብቻ የሚወስደው የአዳራሹ ትንሽ ማጉያ እኔ ዘንድ ከመጋረጃው ኋላ ተደርጓል። እስፒከሩ ያለበት የእንጨት ሳጥን ጋሽ ይግዛው ፊት ነው። ከስተዋል፤ ፂማቸው አድጓል። "ጌታዬ፣ እጄን ሳጥኑ ላይ ባሳርፍ?" ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው ፈቀዱ። ተራውን የሚመርጡትም እሳቸው ናቸው፤ ወደ እኔ መጥተው በጣታቸው አንዱን ወረቀት ይጠቁሙኛል፣ እሰካለሁ፣ ከዚያ ማይክራፎኑን ይዘው ከአንድ ሰርኩላር ላይ ጥቂት መስመር ያነባሉ።

መጀመሪያ "ራሺያ" የሚለውን ጠቆሙ። ሰካሁ። ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ ሳልኩ።

"የሆላንዷ ናት" አሉ ጋሽ ይግዛው።

ሁለተኛው "ሆላንድ" ነው። አንድ ጊዜ ሳልኩ፤ ጉሮሮዬ እስኪላጥ ነው የሳልኩት። "የራሺያው ነው" አሉ። ምን ነካቸው? እትዬ የሺ አልነገሯቸውም? ሦስተኛውም፣ አራተኛውም እንዲሁ ሆነ። በአምስተኛው እኔ ሁለት ጊዜ ስስል ሰዎች እየዞሩ ያዩኛል፤ እሳቸው ዓይናቸውን እንደጨፈኑ "የሆላንዷ" አሉ።

ሰብሳቢው ወረቀታቸውን አዩ። "አቶ ይግዛው፣ አምስት ጊዜ ጠየቅንዎ፤ አምስቱንም ስተዋል" አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ጋሽ ይግዛው የሰብሳቢውን ከንፈር ሲያዩ ቆዩና "ጌታዬ፣ እርስዎ ሒሳብ አስተምረዋል። የማያውቅ ሰው ቢገምት አንዳንዱን ያገኝ፣ አንዳንዱን ይስት ነበር። አምስቱንም ለመሳት እኮ መለየት ያስፈልጋል። የተሳሳተው ወረቀቱ ነው" አሉ። "የሆላንዶቹን የተረከብኩ ጊዜ ከጥቁሩ መቀመጫቸው ሥር በመርፌ ድፋት ጭሬባቸዋለሁ። ገልብጠው ይዩ።"

ድፋት ማለት የዜማ ምልክት ነው፤ እንደ ቅስት ጎበጥ ያለች ጭረት። ሰብሳቢው መጥተው "ራሺያ" የሚል ወረቀት ያለባትን ቫልቭ አንስተው ገለበጧት። ጭረቷ እዚያው አለች። ሌላውን ገለበጡት፤ ባዶ ነው። አዳራሹ ጉድ አለ። "የንብረት ክፍሉ ንብረቱን አያውቀውም ማለት ነው" ብለው አፈጠጡብኝ። እኔ ግን ስድባቸውን እንደ ምርቃት ነው የተቀበልኩት። ጋሽ ይግዛው በዚያው ቀን ተለቀቁ።

ሲወጡ እጄ ላይ የቀረውን ጨርቅ አዩና "ቫልቭ በአልኮል አይወለወልም፣ አበጀ" አሉኝ። ስለ ፈረምኩት መስመር እስከ መጨረሻው አንድም ቀን አላነሱብኝም። የእኔን ሳል ንቀው፣ ከታሰርኩም በራሴ ጆሮ ልታሰር ያሉ ሰው ናቸው ብዬ ለዓመታት ተደነቅኩባቸው። ለስንቱ ሰው አወራሁት መሰላችሁ!

ከዚያ ወዲህ ጠባያቸው ትንሽ ተለወጠ። ጎንህን ሰጥተህ ካወራሃቸው "ሰው ሲያወራ ፊቱን ይስጥ እንጂ!" ብለው ይቆጣሉ። እስር ቤት ሥነ ሥርዓት አስተምሯቸው ነው ብለን እንስቅ ነበር። ቫልቭ ሲቀያይሩ እጃቸውን ሳጥኑ ላይ ያሳርፋሉ። ዋናው ለውጥ ግን እኔን ነው የነካኝ። እንደ ድሮው አራራይ ናት፣ ዕዝል ነው ብለው መፍረዱን ተዉትና "አንተስ እንዴት ሰማሃት?" ይሉኝ ጀመር።

ደስ አለኛ! በዚያች በፈረምኳት መስመር ምክንያት ዓይናቸውን ማየት የሚያሳፍረኝ ሰው፣ እሳቸው ራሳቸው ደቀ መዝሙር ሲያደርጉኝ ይቅር ያሉኝ መሰለኝ። ታዲያ ደቀ መዝሙሩ ምንም አይሰማም። እንዳመጣልኝ እመልሳለሁ። ትናንት አራራይ ካልኩ ዛሬ ዕዝል እላለሁ፤ አንዳንዴ ለማሳመር "መሀሏ ላይ ትንሽ ትንቀጠቀጣለች ጋሼ" እጨምራለሁ። እሳቸው በደብተር ይጽፉታል። ተማሪን ማበረታቻ ነው ብዬ ነው የማስበው።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ያዙኝ። ከሆላንዶቹ ሦስቱ ደክመው አንዷ ብቻ ቀርታለች፣ የሚሳሱላት። ሰኳት፤ እጃቸውን ሳጥኑ ላይ አሳርፈው "እንዴት ሰማሃት?" አሉኝ። እኔ ርቦኛል፤ ደህና ናት ካልኩ አንድ ሰዓት ያቆሙኛል።

"ጎርንናለች ጋሼ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ሞታለች ነው የምልዎ!"

እስክትበርድ ጠብቀው ነቀሏትና በጥጥ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቷት። ብዙም ሳይቆዩ ሥራውን ለቀው ቢቸና ገቡ። እኔም ወደ ሌላ አገር ተዛወርኩ፤ በዚያው ተጠፋፋን።

ቢቸና ስደርስ ድንኳኑ ፈርሷል፤ እትዬ የሺ ጥቁራቸውን ለብሰው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ካለቀስን በኋላ ጨዋታ እንዲሆናቸው ብዬ ያችን የምኩራራባትን ወሬ አነሳሁ። "እኔ ጉሮሮዬ እስኪላጥ ስስል እሳቸው ጆሯቸውን አምነው ንቅንቅ አሉ እንዴ?" አልኩ።

እትዬ የሺ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አዩኝ። "ሳልህን መች ሰማው አበጀ?" አሉ ቀስ ብለው። "በገባ በሦስተኛው ቀን በጥፊ አጮሉት። ግራ ጆሮው በዚያው ጠፋ። ቀኙ ቀንም ሌትም ይጮህበታል፤ ፊት ለፊት አፉን ካላየ የሰው ቃል አይለይም ነበር። ስንቅ ሳቀብለው የመልእክትህን ነገር ብነግረው፣ ምን እንዳልኩት እንኳ የገባው አልመሰለኝም።"

"ታዲያ ቫልቮቹን በምን ለዩ?" አልኳቸው።

"በጣቱ ነዋ! የራሺያው ሳጥኑን ይነዝረዋል፤ የሆላንዷ እጄ ላይ ጸጥ ትላለች አለኝ። ያን ያህል ብቻ ነው የቀረለት። ደግ ደጉን፣ ጣዕሙን ከዚያ ወዲያ አልሰማም።"

እጄን መሬት ላይ ተከልኩ። አንተስ እንዴት ሰማሃት... አንተስ እንዴት ሰማሃት... ያ ሁሉ ዓመት!

"ለምን አልነገሩኝም?"

"እኔ ባልፈርም ያኔውኑ ይፈቱ ነበር፣ ቢፈቱ አይደነቁሩም ነበር ብለህ እንዳትጨነቅ ነው። 'አበጀ ይህን ከሰማ እኔ ዘንድ አይመጣም፤ እሱ ከቀረ ደግሞ በምን እሰማለሁ?' ይለኝ ነበር።" ተነሡና ከሳጥን ውስጥ አንድ የተጠቀለለ ጥጥና ዳር ዳሩ ያለቀ ደብተር አምጥተው እጄ ላይ አደረጉልኝ። ደብተሩን ገለጥኩት። በዚያ በደብረ ወርቅ ባማረ እጅ ጽሕፈታቸው ከላይ እስከ ታች "አበጀ እንደሰማት፦ አራራይ፤ አበጀ እንደሰማው፦ ዕዝል፤ መሀሏ ይንቀጠቀጣል" ይላል። የመጨረሻው ገጽ ላይ "አበጀ እንደሰማት፦ ሞታለች" ተብሎ ከሥሩ በቀይ ተሰምሮበታል።

ጥጡን ፈታሁ። የሆላንዷ ናት። ገለበጥኳት፤ ድፋቷ አለች። እድፍ የለባት፣ ጥቁረት የለባት፣ ገና ትናንት ከካርቶን የወጣች ትመስላለች።

"እጄ ላይ ደህና ናት እያለ ሦስት ቀን ከራሱ ጋር ተከራከረ" አሉ እትዬ የሺ። "በኋላ 'የአበጀ ጆሮ አይሳሳትም፤ ሞታለች ካለ ሞታለች' አለና ሥራውን ተወው። እዚህ የሰው ሬዲዮ ይነካካል እንጂ ማጉያ ደግሞ አልነካም። ልክ ነበርክ አይደል፣ አበጀ?"

ጋሽ ይግዛው እንዳስተማሩኝ ፊቴን ሰጠሁና "ልክ ነበርኩ፣ እትዬ" አልኳቸው። "ንብረቱ ሙሉ በሙሉ ደህና ነበር" ብዬ የፈረምኩ ለት እንኳ እንዲህ አላፈርኩም።